ካምቢዮ ያስታረቁ ሽማግሎች

ባል ሲሞት አገሩ ሁሉ ለቅሶ ይደርሳል። ባል መኪና ትቶ ሲሞት ግን አገሩ ሁሉ መካኒክ ሆኖ ይመጣል። የመጀመሪያውን ድሮም አውቀው ነበር፤ ሁለተኛውን ያወቅሁት በራሴ ሲደርስ ነው። "እግዜር ያጥናሽ" ብሎ የገባ ሰው ገና ወንበር ሳይስብ በመስኮት ወደ ግቢው አሻግሮ እያየ "ይቺ መኪና ቆማ ቆማ እንዳትበላሽ" ይለኛል። ሙሾ የምታወርደው ሴትዮ እንኳ በመካከል ትንፋሽ ስትስብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ባትሪዋን ነቅለሻል?" ብላኛለች። አልነቀልኩም ነበር። ባትሪ የሚነቀል ነገር መሆኑንም ያወቅሁት ከእሷ ነው።

ባለቤቴ ታደለ የመስኖ ባለሙያ ነበር። ተወልዶ ያደገው ማጀቴ ነው፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ኑሯችን ግን እኔ በማስተምርበት በሸዋ ሮቢት ነበር። መኪናዋ ነጭ፣ ትንሽ፣ ያረጀች፣ በዐረብ አገር ዞራ የመጣች የጃፓን ሥራ ናት። አውቶማቲክ ናት። ይህን የምላችሁ ልኮራባችሁ አይደለም። እኛ ከተማ አውቶማቲክ የሚነዳ ወንድ በማንኪያ እንደሚበላ ጎልማሳ ነው የሚታየው። የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ማሞ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ የጨረሱ ሰው፣ ታደለን ባገኙት ቁጥር "ማርሽ የሌለው መኪና ጥርስ እንደሌለው አፍ ነው" ይሉት ነበር። እሱም "ጋሼ፣ ጥርስ የሌለው አፍ አይነክስም እኮ" ይላቸዋል። ይሳሳቁና ይለያያሉ።

በአርባው ዕለት የታደለ ታላቅ ወንድም አቶ ይርጋ ከማጀቴ መጥተው ቤቴ ተቀምጠው፣ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ "መኪናዋ ላንቺ ሸክም ናት። ገዥ አለኝ" አሉኝ። ሸክም ያሉት ነገር አራት ጎማ ያለው፣ ራሱን የሚሸከም ነገር ነው። ግን ሐዘንተኛ ክርክር አይገጥምም። የዘመዶቹ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦ "ለሙት ዓመቱ ማጀቴ ራሴ ነድቼ እመጣለሁ። ሳልደርስ ከቀረሁ ገዥዎን ይጥሩ።"

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ያስተማረኝም ታደለ ራሱ ነው። መኪናዋንም የፈለግኋት ለጌጥ አልነበረም። እሱ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ተብሎ፣ ወደ ጓሮ ስወጣ እንኳ በር ላይ ቆማ የምታጽናናኝ ጎረቤት አለችኝ። መቃብሩ ጋ የሄድኩት ሁልጊዜ በሚኒባስ ተጭኜ፣ ግራና ቀኝ ተደግፌ፣ "በቃሽ አሁን" እየተባልኩ ነው። ምኞቴ አንድ ቀን ብቻዬን ነድቼ ሄጄ፣ ብቻዬን እሱ አጠገብ ልቀመጥ ነበር። መኪናዋ ከተሸጠች ይህ ቀረ ማለት ነው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ልለማመድ ብዬ መኪናዋን አስነሳኋት። ማርሹን መሄጃው ላይ ሳደርግ አልሄደችም። ቆማ አሰበች። ለጉዳይ ቢሮ እንደሄደ ሰው መሪዋን ይዤ ስጠብቅ፣ ልክ "ነገ ተመለሺ" ልትለኝ ነው ስል፣ ድንገት ተፈናጥራ የግቢውን በር ልትገነጥለው ምንም አልቀራት። አጥፍቼ ወርጄ ሰይድን ጠራሁት።

ሰይድ የባጃጅ መካኒክ ነው። እኛ ከተማ ግን አንድ ጎማ ቢጨመርበትም ያው ባጃጅ ነው። መኪናዋን እንደምንም እየተንገጫገጨች ከሱቁ ፊት አደረስናት። ኮፈኑን ከፍቶ የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ የዘይት መለኪያ ብረት መዘዘና አሸተተው። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አጠገቡ ለቆመው ባለ ባጃጅ አቀበለው። ባለ ባጃጁም አሽትቶ ለሚቀጥለው። እንዲህ እያለ ብረቱ እንደ ሠርግ ጠላ መንገዱን ዞረ። ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ሸክሟን ሳታወርድ አሸተተች። ለሌላ ጉዳይ የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተሰልፎ አሸተተና "የተቃጠለ ጎመን ዘር ነው" ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔም አሸተትኩ። ከአገር መለየት ጥሩ አይደለም።

"እትዬ፣ ዘይቷ አልቆለታል" አለ ሰይድ። "መቀየር አለበት። ይቺ የምትፈልገው ቀዩን ነው።"

"ቀዩ ዓይነት የለውም?"

"ወላሂ እትዬ፣ ቀይ ቀይ ነው።"

ዘይት የሚሸጠው ንጉሤ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ አለው። ቀይ ዘይት ስጠኝ ስለው መነጽሩን አውልቆ አዘነልኝ። ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላዘነም።

"ሰይድ ነው ቀይ ያለሽ? ቀዩ እኮ መሪ ውስጥ ነው የሚጨመረው። ባጃጅ የሚሠራ ሰው የመኪና መሪ ከየት ያውቃል። እትዬ፣ አገራችን ቆላ ነው። ቀጭን ዘይት በእኛ ፀሐይ ውሃ ነው የሚሆነው። ለቆላ ወፍራም ነው የሚስማማው።" እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ወፍራሙ ዘይት እዚያ ተደርድሮ ነበር፤ አቧራው ላይ የድመት ዱካ ይታያል። የሚመከርላችሁ ዘይት ምንጊዜም ከሱቁ አልሸጥ ያለው ዘይት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አስተማሪ ነኝና መጽሐፍ ትዝ አለኝ። የመኪናዋ መመሪያ ከመሪው ጎን ባለው መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን የተጻፈው በዐረብኛ ነው። ጎረቤቴ ሼህ ዑመር ዐረብኛ ያነባሉ፤ ይሁን እንጂ የተማሩት ኪታብ ላይ ስለ ካምቢዮ አልተጻፈም። ከእኛ በላይ የምትኖረው ዘሀራ ደግሞ ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። ዐረብኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ያነባሉ፣ እሷ ትፈታለች።

ሼህ ዑመር በቄንጥ፣ በዜማ አነበቡ። መንገድ ላይ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"አባባ፣ ይህ ዱዓ አይደለም፣ የመኪና ነው" አሏቸው ሼሁ።

"ይሁን፤ አሚን" አሉና ፊታቸውን አብሰው ሄዱ።

ዘሀራ ግንባሯን ቋጥራ ታዳምጣለች። "እዚህ የተጻፈውን ስም ያለውን ዘይት ብቻ ጨምሩ ይላል። ሌላ ከጨመራችሁ፣ ወይም ሁለት ዓይነት ከቀላቀላችሁ፣ ማዳም ትቆጣለች ይላል።"

"ማዳም ይላል?" አልኳት።

"አይልም እትዬ። አነጋገሩ ግን የማዳም ነው።"

የዘይቱን ስም ለማየት ጎንበስ ስል ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በላቲን ፊደልና በቁጥር ነው የተጻፈው፤ በዐረብኛው መካከል ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ገጹን ብገልጠው ኖሮ ራሴው አነበው ነበር። ሼሁ ይህን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ጨዋ ሰው ናቸው።

ስሙን ይዤ ከተማውን ብዞር የለም። አዲስ አበባ ይገኛል አሉኝ። ላስመጣ ወሰንኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህንን ወግ አልጽፍም ነበር።

ንጉሤ "ባጃጅ የሚሠራ" ማለቱ ለሰይድ ደረሰው። ሰይድም "ያረጀ ቅባት ሻጭ" ማለቱ ለንጉሤ ደረሰው። እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ከተማ ከመብራት ይፈጥናል፤ አይቋረጥምም። ሰላምታ ተነፋፈጉ። ቀጥሎ ሚስቶቻቸው ገበያ ላይ ፊት ተዟዟሩ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት "በሟቹ በታደለ መኪና የተነሳ ሁለት ጎረቤት ተጣላ" የሚል ነው። ጋሼ ማሞ ይህን ሰምተው ዝም አይሉም። የእድሩን ሽማግሎች ግቢያቸው ካለው ማንጎ ሥር ሰበሰቡና እኔንም አስጠሩኝ። መጽሐፌን በብብቴ ይዤ ሄድኩ።

"ያ መጽሐፍ የት ነው የተጻፈው?" አሉኝ ጋሼ ማሞ።

"ጃፓን ነው፣ ጋሼ።"

"የጻፈው ሰውዬ ሸዋ ሮቢትን አይቷታል?"

"ያያት አይመስለኝም።"

"እንግዲያ ምን ያውቃል።" ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጃፓን በሌለበት ተፈረደበት።

ሰይድ ተናገረ። ንጉሤ ተናገረ። አንዱ የሌላውን ዘይት ሲያራክስ ሽማግሎቹ እንደ ድንበር ክርክር አዳመጡ። ጋሼ ማሞ በመጨረሻ ከዘራቸውን አንስተው አስቀመጡና እንዲህ አሉ። "በፍርድ አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል፤ ቂምም ይተርፋል። በእርቅ ማንም አይሸነፍም። ስለዚህ ግማሹ ከሰይድ ቀይ፣ ግማሹ ከንጉሤ ወፍራም ይሁን።"

"ተባረክ" አሉ ሽማግሎቹ ባንድ አፍ።

"ጋሼ፣ መጽሐፉ አትቀላቅሉ ይላል" አልኩ ቀስ ብዬ።

ጋሼ ማሞ ከዘራቸውን ወደ መጽሐፉ ቀሰሩ። "ልጄ፣ ሁለት ሰው ሲታረቅ 'አትቀላቅሉ' የሚል መጽሐፍ እኛ ግቢ አይነበብም።"

ምን ልበል? እርቅ አፍራሽ የሚል ስም በጥቁር ልብስ ላይ ሲጨመር አይታያችሁም? መጽሐፌን መልሼ በብብቴ ከተትኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሽማግሎቹ በጣም ያምሩ ነበር። እንደዚያ ያማረ ስብሰባ ላይ የተወሰነ ነገር ስህተት ይሆናል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ሰይድና ንጉሤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዘይቱ እኔ ግቢ ተጨመረ። አሮጌውን ዘይት ሰይድ ከሥር አፍስሶ አደረቀው። ከዚያ አንዱ ትንሽ ያፈስሳል፣ ሌላው ትንሽ ያፈስሳል፤ ጋሼ ማሞ ደግሞ ርስት እንደሚያካፍል ዳኛ ጎንበስ ብለው "አንተ አበዛህ፣ አቁም። አንተ ጨምር" ይላሉ። ሲያበቁ ተነስተን ቆመን ተመረቀ። "ዘይቱን ያስማማው።" አሜን። "እንደ ዘይቱ እናንተንም ያስማማችሁ።" አሜን። በዚህ ዓይነት ሰዎቹ ታረቁ። ካምቢዮው ውስጥ ግን ሁለት ዘይቶች ተፋጠጡ።

ትክክለኛውን ዘይት ለማስመጣት ጊዜ አልነበረም፤ ቢኖርም እርቅ ከካምቢዮ ውስጥ እንዴት ይፈስሳል? የሙት ዓመቱ ዕለት ማለዳ ጥቁሬን ለብሼ፣ ቁልፌን ይዤ ብቻዬን ልነሳ ስወጣ ጋሼ ማሞ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"የእድር ደንብ ነው። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም" አሉ።

ከኋላ ሰይድና ንጉሤ ነጭ በነጭ ለብሰው እንደ ሚዜ ተቀምጠዋል። "ዘይታችንን ልናይ ነው" አለ ንጉሤ። ሰይድ "ለታደለም ነው" ብሎ አረመው። "እሱማ መቼም" አለ ንጉሤ።

ሜዳው ላይ በደህና ሄድን፤ ደህና ከተባለ። መኪናዋ ስትንገጫገጭ ሰይድ "ይህች የወፍራሙ ናት" ይላል። ስትጮኽ ንጉሤ "ይህች የቀዩ ናት" ይላል። ታርቀዋልና የሚናገሩት በፈገግታ ነው። ጋሼ ማሞ ደግሞ ኩርባ በደረስን ቁጥር በግራ እግራቸው ባዶ ወለል ይረግጣሉ፤ የሌለ ፍሪሲዮን ነው የሚረግጡት። ሁለቱን ጉልበታቸውን ይዘው "አሁን ቀይሪ" ይሉኛል። "ራሷ ትቀይራለች፣ ጋሼ" እላቸዋለሁ። "አልሰማኋትም" ይላሉ።

ካራቆሬ ስንደርስ ሽታው መጣ። ያ የጎመን ዘር ያለው ሰውዬ አልተሳሳተም። ወደ ማጀቴ ታጥፈን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይሰማውም። ነዳጅ ስረግጥ ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ መሬቱ ከሥራችን አይነቃነቅም። ቆምን። በመሄጃው ሞከርኩ፤ እንቢ። ባሉት የፊት ማርሾች ሁሉ ሞከርኩ፤ እንቢ። ሙቀቱ ውስጥ ተቀምጠን የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ዳገቱ ላይ እናየዋለን። ስልኬ ጮኸ። አቶ ይርጋ ናቸው።

"ሰዓቱ ደርሷል። ገዥውም ለለቅሶው መጥቷል፣ አጠገቤ ነው። ወዴት ነሽ?"

"እየደረስኩ ነው" አልኩ። ጋሼ ማሞ በመስኮት የቆመውን መሬት አዩት።

መኪናዋን ከመንገድ ልውሰዳት ብዬ ማርሹን ወደ ኋላ አደረግሁት። እንደ ሙክት ፈነጠዘች። ወደ ፊት ያበቃላት መኪና ወደ ኋላ ግን ምንም አልሆነችም። ለካ ሁለቱ ዘይቶች የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

"ውረዱና ግፉልኝ፤ ላዙራት" አልኳቸው።

"ወደ ሸዋ ሮቢት ልንመለስ ነው?" አለ ሰይድ።

"ወደ ማጀቴ ነው። በኋላ ማርሽ።"

ጋሼ ማሞ ከዘራቸውን ያዙ። "ልጄ፣ እኔ አሰብ ድረስ ነድቻለሁ። በኋላ ማርሽ ለሙት ዓመት የሄደ ሰው አላየሁም።"

"ዛሬ ያያሉ፣ ጋሼ። ነድቼ እመጣለሁ ነው ያልኩት፤ በየት በኩል አላልኩም።"

ገፍተው አዞሩልኝና ገቡ። አንገቴን ጠምዝዤ በኋላ መስኮት እያየሁ፣ በሰይድና በንጉሤ ራስ መካከል መንገዱን እየፈለግሁ፣ ዳገቱን ወጣሁ። እነሱ ፊታቸው ወደ ቆላው ነው። ከፊታችን፣ ማለትም ከኋላችን፣ ጤፍ የጫነ አህያ እየተከተለን ይወጣል። እሱም እንደኛው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ጋሼ ማሞና አህያው በመስታወቱ ማዶና ማዶ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ወጡ። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው አህያው አይደለም። ለለቅሶው የሚሄዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁልን። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው "ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፤ ወደ ፊት ማየት ጠልታ ነው" ሲሉ ሰማሁ። ላስረዳቸው አልቻልኩም፤ አንገቴ የዞረው በሌላ በኩል ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር አቶ ይርጋና ገዥው ቆመው ይጠብቁናል። መጀመሪያ የደረሰላቸው የመኪናዋ ቂጥ ነው፤ ቀጥሎ የሁለት ሰው ማጅራት፤ መጨረሻ ላይ እኔ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። 

"ደረስኩ፣ ጋሼ ይርጋ" አልኩ።

ገዥው መኪናዋን ዞሯት። ዳጎስ ያለ፣ ረጋ ያለ የማጀቴ ነጋዴ ነው። "ወደ ፊትስ ትሄዳለች?" አለ።

"ትሄድ ነበር" አለ ንጉሤ።

"ቀዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሁንም ትሄዳለች" አለ ሰይድ።

"ቀዩ ባይኖር ኖሮ ትበር ነበር።"

"ታርቀናል እኮ ንጉሤ።"

"ታርቀናል። እውነቱን ነው የምናገረው።"

ገዥው ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጄን ጨበጠና "እግዜር ያጥናሽ" አለኝ። እንዴት ከልቡ እንደ ነበር ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ አቶ ይርጋን ሳያይ ወደ ለቀስተኛው ተቀላቀለ። አቶ ይርጋም መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ። "በይ፣ ያንቺው ናት። ከእንግዲህ የሚጠይቅሽም አይገኝ" አሉ።

ፍትሐቱ ተደረገ። አልቆ ሰው ወደ ዳሱ ሊሄድ ሲል ግን የማጀቴ ወንዶች መኪናዋን አገኟት። ኮፈኑ ተከፈተ። ያቺ ብረት ተመዘዘች፤ አፍንጫ ካፍንጫ መዞር ጀመረች። ጋሼ ማሞ የእርቁን ታሪክ ከመጀመሪያው ያስረዳሉ። የማጀቴ ሽማግሎች ደግሞ የደጋው አየር ተጨምሮ መታየት ነበረበት ይላሉ። ካህኑ እንኳ ልብሰ ተክህኗቸውን እንደለበሱ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ግራና ቀኝ ደግፈው የያዙኝ ሴቶች አንገታቸው እየረዘመ፣ እጃቸው እየላላ፣ "መጣን" ብለው ሄዱ።

እኔም ሄድኩ። መቃብሩ ከግራሩ ሥር ነው። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው የለም። ተቀመጥኩና ለታደለ ነገርኩት። ሁለቱን ቀላቀሉብኝ አልኩት። ማንጎው ሥር የተባለውን፣ ዘሀራና ሼሁን፣ አህያውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ጋሼ ማሞ አህያው ፊት ዓይናቸውን ሲሰብሩ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ልቅሶው መጣ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ። በጥቁር ልብስ መቃብር ላይ ስስቅ ቢያዩኝ ሌላ ሽማግሌ ይሰበሰብብኝ ነበር። ማንም አላየኝም።

ከአጥሩ ማዶ አንድ የማጀቴ ሽማግሌ ሦስተኛ ዘይት ሲያቀርቡ ይሰማኛል። ነጠላዬን መሬት ላይ አነጠፍኩና በደንብ ተደላደልኩ።